ተቃውሞ ያለው ካለ

ባለፈው ሳምንት ፌቤን ከትምህርት ቤት መጥታ ሶፋዬ ላይ ከነጫማዋ ተዘረጋች። የጓደኛዬ የብርቅነሽ ልጅ ናት፤ እናቷ ክሊፕታውን በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ያለውን የመጋረጃ ሱቋን እስክትዘጋ ድረስ ከሰዓት በኋላውን እኔ ጋ ነው የምታሳልፈው። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ስለሆነ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ያበሽቃታል። የዚያን ቀን ያበሸቃት ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንብቡ የተባሉት መጽሐፍ ነበር።

«አንቲ፣ ይህቺ ልጅ ሲሪየስሊ ስቱፒድ ናት» አለችኝ። «አጎቷ እንደ እስረኛ ያኖራታል፤ በሩ ግን ክፍት ነው። ለምንድን ነው ዝም ብላ የማትወጣው? ደግሞ ስሟ የእኔ ነው፣ ፊቢ ማለት ፌቤን። ማሚ ስምሽ ከሮሜ መልእክት ነው ባትለኝ ኖሮ አፍር ነበር።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ፣ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና መጽሐፉን ከእጇ ነጠቅኋት። ሽፋኑ አዲስ ነው፤ እኔ የማውቀው አይደለም። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ ሁለት መስመር እንዳነበብኩ ግን ልቤ ዘለለ። እሱ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያላየሁት ወዳጄ ጎረምሳ መስሎ የመጣ ያህል ደስ አለኝ።

«መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ» አለች ፌቤን።

«አልነግርሽም» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ የመጽሐፉን መጨረሻ እኔም አላውቀውም ነበር። እኔ የማውቀው ሌላ መጨረሻ ነው።

ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ፣ አፌ የማያርፍ፣ እግሬ የማይደክም ልጅ ነበርኩ። ሆሳዕና ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጆሃንስበርግ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ሂልብሮው የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ፎቅ ላይ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። ሥራዬ ሎኬሽን መዞር ነው። ሎኬሽን የምንለው ከከተማው ወጣ ብለው ያሉትን የአገሬውን ሰው ሰፈሮች ነው፤ አንሶላና ብርድ ልብስ ተሸክሜ በታክሲ እሄዳለሁ፣ በር አንኳኩቼ «ሳውቦና ማማ» ብዬ በዙሉ ሰላም እላለሁ፣ ሻይ ከሰጡኝ እጠጣለሁ፣ ውሻ ከለቀቁብኝ እሮጣለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ሲያማርር እሰማለሁ። እኔ ግን እወደው ነበር፤ መንገድ እወዳለሁ፣ የሰው ቤት ማየት እወዳለሁ።

መጽሐፉን ያገኘሁት ሂልብሮው አስፋልት ዳር ያገለገሉ ጫማዎችና መጻሕፍት አንድ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሽማግሌ ነው። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ነበርና የመረጥኩት በውፍረቱ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ ልቦለድ መሆኑን መግቢያው ላይ አየሁ። የኋላ ሽፋኑ የለም። ሽፋን አይነበብም ብዬ ወሰድኩት።

ታሪኩ ወላጆቿ የሞቱባት የፊቢ ነው። አባቷ ትልቅ ቤት ትቶላታል፤ አጎቷ ላሳድጋት ብሎ እዚያ ይገባል። እኔ አጎት ተብዬው ይደበድባታል፣ ምድር ቤት ይቆልፍባታል ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ደግ ሆኖ ቁጭ አለ። አይጮኽም። በየማታው «ለብርታትሽ ነው» እያለ ጣፋጭ መድኃኒት በማንኪያ ያጠጣታል፤ ልጅቷም እየደነዘዘች ትተኛለች። ጓደኞቿን አንድ በአንድ ያርቅባታል፤ ለእሷ «ከኋላሽ ይስቁብሻል» ይላታል፣ ለእነሱ «ነርቯ ደካማ ነው፣ አታስጨንቋት» ይላቸዋል። በሩን አይቆልፈውም። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ክፉ መሆኑን ብቻ ይነግራታል፤ ራሱን ደግሞ «እኔ ባልኖር ምን ይውጥሽ ነበር» እያለ ያመሰግናል። ዱላ ቢሆን ኖሮ ቁስሉን አይታ ታውቀው ነበር። ይህ ግን ምስጋና እየተከፈለበት የሚገዛ ግፍ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ብቻዬን መያዝ አልችልም። እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ሲቀመጡ እኛ ሴቶቹ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ሻይ እንጠጣ ነበር፤ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ፣ ከማግዊንያ ጋር፣ እሱም እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ትኩስ ጥብስ ነው። አንድ እሁድ ዘይቱ ከጣቴ ሳይደርቅ መተረክ ጀመርኩ፤ በሚቀጥለው እሁድ ከሻዩ በፊት ታሪኩን ጠየቁኝ። የእንግሊዝን ጭጋግ ማስረዳት አቅቶኝ «ሶዌቶ በብርዱ ወራት ከሰል ሲያጤስ እንደሚሆነው ነው» አልኳቸውና ወዲያው ገባቸው። እዚህ አገር ክረምቱ ዝናብ የለውም፤ ፀሐይ እየበራ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው፤ ክረምትን በጭቃ ለምናውቀው ለእኛ መቼም አይለመድም።

ፊቢ የሚለው ስም ለአፋችን አልመች ብሎ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ፌቤን ሆነች። የሮሜዋን ፌቤን ሁሉም ያውቃታል፤ ስለዚህ ልጅቷ ወዲያው የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነች። ክርክሩም ጦፈ። አንዷ «አበላት፣ አለበሳት፣ ምን ጎደለባት? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» አለች። እትዬ ዘነበች መለሱላት። እትዬ ዘነበች የዱራሜ ሴት ናቸው፤ ከሁላችን በዕድሜ የገፉ፣ ሲጸልዩ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ያላቸው። «የሚበላው የማን ቤት ነው? የአባቷ ቤት አይደለም እንዴ? የገዛ እንጀራዋን እያጎረሰ ነው አመስግኚኝ የሚላት» አሉ። ያቺ ሴትዮ ማግዊንያዋን ጎረሰች።

ከሁላችን ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ብርቅነሽ ትቀመጥ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እሷም ከዱራሜ አካባቢ ነች። የአባቷ የሩቅ ዘመድ ጋሽ ጴጥሮስ ላስተምራት ብሎ አምጥቶ ቮስሎሩስ የሚባል ሎኬሽን ባለው ስፓዛው፣ ማለትም የሰፈር ሱቁ ውስጥ አስቀምጧታል። ጋሽ ጴጥሮስ ሰው የሚያከብረው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አዲስ ለመጣ ሰው ዳቦና ብርድ ልብስ ይዞ የሚደርስ ሰው ነው፤ ለእኔም ደርሶልኛል። እሁድ በራሱ መኪና ያመጣታል፣ በራሱ መኪና ይወስዳታል። ለእኛ ደግሞ አስቀድሞ ነግሮናል። «ልጅቷ ነርቯ ደካማ ነው፤ ሲያናግሯት ትጨነቃለች። ጸልዩላት እንጂ አታናግሯት።» እኛም አላናገርናትም። ይህን አባባል በዚያው ወር መጽሐፉ ላይ እያነበብኩ እንኳ አልታየኝም፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚጋቡ ሰዎች ስም ሦስት እሁድ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ፓስተሩ ያነብና «ተቃውሞ ያለው ካለ ያስታውቅ» ይላል፤ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ይሆናል፤ ማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ከዚያ እልልታ ነው። አንድ እሁድ የብርቅነሽ ስም ተነበበ። ሙሽራው ሊምፖፖ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሱቆች ያሉት የጋሽ ጴጥሮስ የንግድ ሸሪክ ነው፤ ዕድሜው ከአባቷ አያንስም። ልጅቷ አንገቷን እንደ ደፋች ቀረች። «የሙሽራ ሐፍረት ነው» ተባባልንና እልል አልን።

የዚያኑ ዕለት ሻይ ላይ የደረስኩበት ምዕራፍ አጎትየው ፊቢን ለሽማግሌ ወዳጁ ሊድራት የሚወስንበት ነበር። እንግሊዞችም በቤተ ክርስቲያናቸው ሦስት እሁድ እንደሚያስነብቡ ስነግራቸው ሴቶቹ ጉድ አሉ። ስጨርስ እትዬ ዘነበች ኩባያቸውን አስቀመጡና የጸሎት ርዕስ ማቅረብ ጀመሩ፤ ስለ ታመሙት፣ ሥራ ስላጡት፣ ድንበር ላይ ስላሉት። ቀጥለውም «በእንግሊዝ አገር በአጎቷ ቤት ለተያዘችው ለእህታችን ለፌቤንም እንጸልይ፤ ጌታ አፏን ይክፈትላት» አሉ።

እትዬ፣ ልጅቷ እኮ የወረቀት ሰው ናት፣ ደራሲዋም ከሞተች መቶ ዓመት አልፏታል ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ልማዳችን በአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጸለይ ጀምረዋል። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ አጎትየውን በኢየሱስ ስም ትገሥጻለች። ሳቄን አፍኜ ቆሜ ሳለ ከበሩ በኩል ከሁሉም ድምፅ የተለየ ልቅሶ ሰማሁ። ከአንጀት የሚወጣ ነው። ብርቅነሽ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃለች። ያኔ ነው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የገባኝ።

ኩባያ ለማጠብ ቧንቧው ጋ ስሄድ ተከትላኝ መጣች። እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም።

«እህቴ፣ ፌቤን ታመልጣለች?»

«ገና አልደረስኩበትም።»

«እባክሽ ቶሎ ድረሺበት» አለችኝ። «እኔም ሁለት እሁድ ነው የቀረኝ።»

ያን ሳምንት ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። አልጋዬ ላይ መዝገበ ቃላት ታቅፌ አነበብኩ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ቦታ ደረስኩ። ፊቢ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣለች፣ ቄሱ ለሦስተኛ ጊዜ ስሟን አንብቦ ቀና ይላል፣ ተቃውሞ ያለው ካለ ብሎ ይጠይቃል፤ ገጹን ስገለብጥ ክርና የደረቀ ሙጫ ብቻ ነው። ከሽፋኑ ጋር የመጨረሻዎቹ ገጾችም ተገንጥለው ሄደዋል። ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ ወደ መጽሐፍ ሻጩ ሽማግሌ ሮጥኩ። ምስኪን፣ ጫማዎቹን ሁሉ አንሥቶ ፈለገልኝ፤ ሲያጣ የወጥ አሠራር መጽሐፍ በነጻ ሰጠኝ።

ሐሙስ ቀን አንሶላዬን ተሸክሜ ቮስሎሩስ ሄድኩ። ብርቅነሽ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ለሕፃናት ቺፕስ ትሸጣለች፤ ጋሽ ጴጥሮስ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ፀሐይ እስከ ሩዝ ከረጢቶቹ ድረስ ገብቷል።

«ነይ እንሂድ» አልኳት። «ታክሲው እዚያ ቆሟል። አሁኑኑ።»

«ፖሊስ ጥግ ላይ አለ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጋሼ ነግሮኛል። ወረቀት የሌላትን ሐበሻ ሴት ከበር ላይ ነው የሚወስዷት። የሰፈሩ ሰውም ይጠላናል፤ ውጭ ካገኘኝ ያቃጥለኛል።»

ወጥቼ ጥጉን አየሁት። መንደሪን የሚሸጥ ሰውዬና አንድ የተኛ ውሻ ነው ያለው። ተመልሼ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። በሩ ከእሷ ሦስት ክንድ አይርቅም፤ ለእሷ ግን በር አልነበረም። በታክሲ ስመለስ ተናድጄ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት መሐረብ ሰጡኝ። መሐረቡን ይዤ ሳስብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ይህቺ ልጅ በገዛ እግሯ ከዚያ ቤት አትወጣም። እሱ ራሱ በመኪናው እያመጣ ሰው መሀል የሚያስቀምጣት ግን አንድ ቦታ አለ፤ እዚያም ቦታ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል።

እሁድ ስሟ ለሁለተኛ ጊዜ ተነበበ። ሻይ ሲቀዳ የሌለውን ምዕራፍ መተረክ ጀመርኩ። ስንት ነገር ጨመርኩበት! ደወል አስደወልኩ፣ መስኮቱን በባለቀለም መስተዋት አስጌጥኩ፣ አጎትየውን ጥቁር ጓንት አለበስኩት። ቄሱ «ተቃውሞ ያለው ካለ» ሲል፣ አልኩ፣ ሁሉም ጸጥ አለ፤ ያን ጊዜ ፌቤን እየተንቀጠቀጠች ተነሣች። «እኔ አለኝ» አለች።

«እንዴ፣ ሙሽራዋ ራሷ?» አለች ያቺ ስለ ውሻ የተናገረችው ሴትዮ። «ተቃውሞ የሌላ ሰው ነው እንጂ የሙሽራ ይሆናል እንዴ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እትዬ ዘነበች ጥቂት አሰቡና «ማን ከለከላት?» አሉ። «ያለው ካለ ነው የሚለው፤ ከሙሽራይቱ በቀር አይልም። ከእሷ የሚቀድም የማን ተቃውሞ አለ?»

ሁሉም አጨበጨቡ፤ የእንግሊዟ ፌቤን ነጻ ወጣች፣ ጸሎታችን ተሰማ ተባለ። እኔ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ብርቅነሽ አላጨበጨበችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሦስተኛው እሁድ ደረሰ። ሙሽራው አዲስ ሱፍ ለብሶ ከጋሽ ጴጥሮስ ጎን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ብርቅነሽ ከእነሱ ኋላ ናት፤ እኔ የማየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ፓስተሩ አነበበ። «ተቃውሞ ያለው ካለ ያስታውቅ።» ያ የለመድነው አጭር ጸጥታ ሆነ። አልተነሣችም። ፓስተሩ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ፤ አንዲት ሴት ለእልልታ እጇን ወደ አፏ አስጠጋች፤ እኔ የራሴን እጅ ነክሼ ይዣለሁ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እኔ አለኝ።»

ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ግን ጸጥታው ስላልተነካ እስከ ኋላ ደረሰ። ጋሽ ጴጥሮስ ወዲያው ተነሣ፤ ፈገግ ብሏል። «ወገኖቼ፣ ይቅርታ። ነርቯ እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር። ነይ ልጄ፣ አየር እናግኝ» ብሎ ክንዷን ያዘ።

«ጴጥሮስ፣ እጅህን አንሣላት» አሉ እትዬ ዘነበች። መስኮቱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። «ይህቺን ልጅ እኛ እናውቃታለን። ሳምንታት ሙሉ ስንጸልይላት የከረምነው ፌቤን ናት።»

ወንዶቹ ፌቤን ማን እንደሆነች ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ሴቶቹ ግን ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። አንዷ ተነሣች፣ ሌላዋ ተነሣች፣ ያቺ የውሻዋ ሴትዮ እንኳ ተነሣች፤ በመተላለፊያው ሄደን ልጅቷን ከበብናት። ፓስተሩ ወርዶ መጣና ራሷን ጠየቃት።

«እህት ብርቅነሽ፣ ፈቅደሽ አይደለም እንዴ?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «እርስዎ ነዎት አሁን የጠየቁኝ።»

ፓስተሩ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ማስታወቂያው መነሣቱን ለጉባኤው ተናገረ። ሙሽራው ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ «ወዳኛለች ነው የተባልኩት» አለና አቀርቅሮ ወጣ። ውጭ ጋሽ ጴጥሮስ የመኪናውን በር ከፍቶ ጠበቃት። ያን ጊዜም አልጮኸም። «ልጄ፣ ፖሊስ ያገኝሻል፤ እኔ ባልኖር የት ትወድቂያለሽ?» አላት። አንድ ጊዜ ወደ ተከፈተው በር ዞር አለች፤ ክንዷን ይዤ ነበር። ግን አልቆመችም።

ወደ ሂልብሮው በእግራችን ሄድን። የሚያበራ፣ የሚቀዘቅዝ ቀን ነበር፤ ታክሲዎቹ ጡሩምባ እየነፉ፣ ከየፎቁ ልብስ ተሰጥቶ እየተውለበለበ። መታጠፊያው ላይ እውነተኛ ፖሊስ ቆሞ አገኘን፤ መኪናውን ተደግፎ መንደሪን ይልጣል። ብርቅነሽ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ቀበረችው። ፖሊሱ ቀና አለና «ሳውቦና ሲሲ» አላት። ከደንበኞቿ የለመደችው የዙሉ ሰላምታ መልስ ከአፏ ሳታስበው ወጣ፤ «ዬቦ ቡቲ» አለችው። እሱም መንደሪኑን መላጥ ቀጠለ። ጥቂት እንደ ተራመድን ሳቅ ጀመራት፤ እኛንም ያዘን፤ እትዬ ዘነበች ግንብ ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላገኘሁም።

ብርቅነሽ እኛ ክፍል አምስተኛ ሆና ገባች። ከእኔ ጋር ሎኬሽን ዞረች፣ ወረቀቷን በራሷ ተሰልፋ አወጣች፣ ቆይታም ራሷ የመረጠችውን ሰው አገባች፤ ስሟ ሲነበብ ወደ እኔ ዞራ ጠቀሰችኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቀየረ። እሱን ሳስበው እስካሁን የሚያስፈራኝ ክፋቱ ሳይሆን ያመጣልኝ ዳቦ እውነተኛ ዳቦ መሆኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ፌቤን ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ቆሜ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች አነበብኩ። ቄሱ ጠየቀ። ማንም አልተናገረም። ፊቢ ተዳረች፤ ከጥቂት ገጾች በኋላ ሞተች፤ አጎቷ መቃብሯ ላይ ዝምታዋን የሚያመሰግን ድንጋይ አቆመላት። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ደራሲዋ ያደረገችው አንባቢውን ልታስቆጣ ብላ እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔንም አስቆጥታኛለች። ስልኬን አንሥቼ ክሊፕታውን ደወልኩና ለብርቅነሽ ነገርኳት። ከኋላዋ ባቡር ሲያልፍ ተሰማኝ።

«እንኳንም ተቀደደ» አለች።

ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ መጽሐፍንም ይጨምራል። ያ ሽማግሌ ሙሉውን ቢሸጥልኝ ኖሮ እኔም ታማኝ ተራኪ ነበርኩና ያነበብኩትን እነግራት ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ ፌቤን ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ መጣች።

«ማሚ ናት? ስለ መጽሐፉ ነው የምታወሩት? ትወጣለች አትወጣም?»

«እናትሽን ጠይቂያት» አልኩና ስልኩን ሰጠኋት።

ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። በሩ ክፍት ሆኖ ለምን አትወጣም ስትል ሰማኋት። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ዞር ብዬ ሳያት ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ፎጣው ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

«ማሚ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስምሽ ከሮሜ መልእክት ነው ብለሽኝ አልነበር?»